ዶን ሃያ አርባ እና ያልተነሳው ጥሪ

በየመሥሪያ ቤቱ ዛሬን እንደ ዝንብ በእጁ እያባረረ የሚኖር አንድ ሰው አለ። ስለ ትናንት ብትጠይቁት አያስታውስም። ስለ ዛሬ ብትጠይቁት ፊቱን ያጨማድዳል። ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ከጠየቃችሁት ግን አለቀላችሁ፤ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ እናንተንም ያስቀምጣል፣ ምሳችሁም ይበርዳል። ጣሪያው እላዩ ላይ እያፈሰሰ ስለሚመጣው ፎቅ የሚያወራው እሱ ነው። ታውቁታላችሁ። ምናልባት አለቃችሁ ነው። ከሆነ እግዜር ያጽናችሁ።

ማኒላ ውስጥ፣ ስሙ ባይነሳ በሚሻል አንድ የስልክ ኩባንያ፣ ይህን መንበር የያዙት ክቡር ኢንጂነር ኔሜስዮ አርሲያ ነበሩ። የኔትወርክ የረጅም ጊዜ ዕድገት ዕቅድ ክፍል ኃላፊ፣ የፍኖተ ካርታው አባት፣ የመጪው ዘመን ባለአደራ። ሠራተኛው ከጀርባቸው «ዶን ሃያ አርባ»፣ ጌታ ሃያ አርባ ማለት ነው፣ ይላቸዋል። አፋቸውን ሲከፍቱ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «በሃያ አርባ» ነዋ! ሁለት ሺህ አርባን ማለታቸው ነው፤ ሁለት ሺውን ለመጥራት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም፣ ቸኩለዋል።

ሁለተኛው ቃላቸው ደግሞ «ይህ በሚቀጥለው ትውልድ ይፈታል» የሚል ነበር።

ትውልድ ሲሉ የሰው ልጅን አይደለም። ሦስተኛ ትውልድ፣ አራተኛ ትውልድ፣ አምስተኛ ትውልድ እየተባለ የሚቆጠረውን ኔትወርክ ነው። ሰማይ ላይ ያለ ችግር ሁሉ፣ ምድር ላይ ያለ ችግር ሁሉ እዚያ ይፈታል። ሊፍቱ ተበላሽቶ ሠራተኛው ደረጃውን እያለከለከ ሲወጣ፣ እሳቸው መሐል ላይ ቆመው በላብ እየተጠመቁ፣ በሃያ አርባ ማንም ወደ ቢሮ እንደማይመጣ ያስረዳሉ። የካፌው ሩዝ ጥሬ ሲሆን፣ ማብሰያው ከኔትወርኩ ጋር ሲነጋገር ይህ እንደሚቀር ይናገራሉ። ጥሬውን ሩዝ ግን ማን ይብላው? እኛው።

የሥራ ባልደረባቸው ሞቶ ለቅሶ ሄዱ። ሰዉ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ካርታ እየተጫወተ፣ ብስኩት እየበላ ሐዘንተኞቹን ያስተዛዝናል። ዶን ሃያ አርባ ከሟቹ ሚስት አጠገብ ተቀመጡና በስድስተኛው ትውልድ ሰው በሩቅ ሆኖ የወዳጁን እጅ መጨበጥ እንደሚችል ያስረዷት ጀመር።

«የሱንም እጅ?» አለች ሴትየዋ ወደ ሣጥኑ እያየች።

ኢንጂነሩ የምር አሰቡበት። «እሱ እንኳ» አሉ፣ «በሚቀጥለው ትውልድ ይፈታል።»

ግሎሪፌ ሳቋን አፍና ወደ ጓሮ የሮጠችው ያን ቀን ነው። ግሎሪፌ እዚያው ክፍል ውስጥ የምትሠራ መሐንዲስ ናት፤ ጠረጴዛዋ ከኢንጂነሩ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ከማንም በላይ መጪውን ዘመን ሰምታለች። የተወለደችው ግን መጪው ዘመን በማይደርስበት ቦታ ነው፤ ውቅያኖሱን ፊት ለፊት በምትጋፈጥ ካናዋይ በምትባል ትንሽ ደሴት። እናትና አባቷ ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጋት ዓሣ አጥማጁ አጎቷ ሲልቬሪዮ ነው፤ እሱና ሚስቱ ፔላጊያ።

ሳቋ የቆመው ፍኖተ ካርታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀን ነው።

ፍኖተ ካርታው ቆንጆ ነበር። ቀስቶቹ ሁሉ ወደ ላይ ያያሉ። ከታች ጥግ ላይ፣ በግራጫ ቀለም፣ የሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ «ጡረታ» የሚወጣባቸው ቦታዎች ተጽፈዋል። ጡረታ ማለት ሞገዱን የሚያሰራጨው ማማ ይጠፋል ማለት ነው፤ እነዚህ ሰዎች መግደልን የሚጠሩበት ቃል አያጡም። ካናዋይ መጀመሪያው መስመር ላይ ነበረች።

ግሎሪፌ በሩን አንኳኳች።

«ኢንጂነር፣ ካናዋይ ላይ ሌላ ኔትወርክ የለም እኮ። ሰዉ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ካናዋይ ላይ ሰው የለም» አሉ ሳይቆጡ። ተቆጥተው አያውቁም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ኮምፒውተሩን አዞሩላት። «እይው። ዓመቱን ሙሉ የተነሳ ጥሪ የለም ማለት ይቻላል። ዜሮ። በጎችና ኮኮናት ናቸው ያሉት።»

«ሰዉ ሚስኮል ነው የሚያደርገው፣ ኢንጂነር!»

«ያልተነሳ ጥሪ» አሉ ጣታቸውን ሽቅብ አድርገው፣ «ጥሪ አይደለም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

የካናዋይ ሰው ስልክ አያነሳም። ካርዱ ውድ ነው፣ ገቢው ዓሣ ነው፤ ስለዚህ ይደውላል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። ወደ ዋናው ምድር ገበያ የሄደ ባል፣ ማታ የሚያድርበት ሲገባ አንዴ ደውሎ ይዘጋል፤ ቤት ያለችው «ገባ» ብላ እሳቷን ታጠፋለች። ስልክ ማንሳት ነውር ነው፤ የሰው ካርድ መብላት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባሕሩ አለ። ከደሴቲቱ ጀርባ፣ ከኮረብታው ወዲያ፣ ማኖይ ፋውስቶ የሚባል አዛውንት ብቻውን ይኖራል። ማኖይ ማለት ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ሽማግሌው ለደሴቲቱ ሁሉ ታላቅ ወንድም ነው። ውቅያኖሱ የሚታየው ከሱ ደጃፍ ብቻ ነው፤ ከመንደሩ ወገን ባሕሩ እንደ ሳህን ውሃ ሲረጋ ከወዲያ ሞት ሊሆን ይችላል። ጀልባዎች ከመውጣታቸው በፊት ፋውስቶ ይደውላል። አንዴ ደውሎ ከዘጋ፣ ውጡ። ሁለቴ ከደወለ፣ አትውጡ። ካልደወለ ገና እያየ ነው፣ ጠብቁ።

ከዚህ የተነሳ ደሴቲቱ ላይ «ሁለት» ማለት ክፉ ማለት ሆኗል። «ዛሬ እንዴት አደርሽ?» ሲባል «ተዪኝ፣ ሁለት ነኝ» ይላሉ። ትዳሩ የፈረሰ ሰው «የኔ ነገር ሁለት ሆነ» ይላል። ይህ ሁሉ ሕይወት፣ ይህ ሁሉ ወሬ በኩባንያው ቆጠራ ዜሮ ነው። የሚቆጥሩት የሚሸጡትን ብቻ ነውና! ከዚያ ቁጥር አይዋሽም ይሉናል።

ኔትወርክ ከመጥፋቱ በፊት ሕዝቡ ይወያይ የሚል ደንብ ነበር። ውይይት ማለት የተወሰነውን ነገር ለሕዝቡ በፕሮጀክተር ማሳየት ነው። ስለዚህ ክቡርነታቸው ግሎሪፌን አስከትለው፣ የሚያብረቀርቅ ጫማቸውን አድርገው፣ በጀልባ ሲያስታውኩ ቆይተው ካናዋይ ወረዱ።

ውይይቱ የተደረገው የመንደሩ አስተዳዳሪ ካፒታና ብሪሂዳ ቤት ነው። በመንደሩ ወገን ኔትወርክ የሚይዘው የሷ መስኮት ላይ ብቻ ስለሆነ የመንደሩ ስልክ እዚያ ተንጠልጥሏል፤ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ተደርጎ፣ ጩኸቱ እስከ ባሕሩ ዳር እንዲሰማ። ኢንጂነሩ ቆርቆሮውን አይተው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጄኔሬተሩ ተንኮሻኮሸ፣ ቀስቶቹ ነጭ አንሶላ ላይ ወጡ፣ ሃያ አርባም መጣ።

«በሚቀጥለው ትውልድ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ዓሣው ራሱ የት እንዳለ ይነግራችኋል።»

ካፒታና ብሪሂዳ እጇን አወጣች። «የሚቀጥለው ትውልድ ሲሉ፣ ኢንጂነር፣ ልጆቼን ነው የልጅ ልጆቼን?»

«አይ፣ ካፒታና! የኔትወርክ ትውልድ ነው።»

«እሱም ይወልዳል እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሲልቬሪዮ ከኋላ ሆኖ፣ «እንግዲያው ቶሎ ዳሩት!» አለ። «እስኪወልድ ድረስ እኛ በምን እንጠብቅ?»

«ጊዜያዊ ክፍተት ይኖራል» አሉ ኢንጂነሩ።

«የስንት ጊዜ ክፍተት?»

«በፍኖተ ካርታው ላይ ክፍተቱ ባዶ ነው የሚታየው።»

«ባዶው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ ሲልቬሪዮ። አሁን አልሳቀም፤ ማንም አልሳቀም። ፔላጊያ ክርኑን ጎሸም አደረገችው፤ እንግዳ ነው፣ ተወው። ግሎሪፌ አቀርቅራ ጫማዋን አየች።

ውይይቱ በስኬት ተጠናቀቀ። ወንዶቹ ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ፣ ጀልባቸውን አሰናድተው የፋውስቶን ጥሪ ሊጠብቁ። ካፒታና ለእንግዳው ፓንሲት የሚባለውን የፓስታ ምግብ ልትሠራ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ማድቤት ሄደች። ግሎሪፌ ከፔላጊያ ጋር ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ቤቱ ውስጥ የቀሩት ክቡር ኢንጂነርና የፕሮጀክተራቸው ገመድ ብቻ ናቸው።

ቆርቆሮው ጮኸ።

ስልክ ሲጠራ የሚያነሳ ሰው አንድም ቀን ገብቶበት በማያውቅ ቤት ውስጥ፣ ኢንጂነር ኔሜስዮ አርሲያ ስልኩን አነሱ።

«ሃሎ! ኢንጂነር ኔሜስዮ አርሲያ ነኝ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት!»

ከወዲያ የደወለው ማኖይ ፋውስቶ በዚያ ስልክ ውስጥ የሰው ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ደንግጦ ጮኸ። «ሁለት! ሁለት ነው!»

«አዎ፣ ሁለተኛው ትውልድ!» አሉ ኢንጂነሩ ደስ ብሏቸው። «እሱን ነው የምናጠፋው፣ ሰምተዋል ማለት ነው?»

«ሁለት ነው እያልኩህ! ሁለት!»

«ልክ ነዎት፣ አባት። ድምፁም ይቆራረጣል፣ ይሰማዎታል? አሮጌ ነው። በሃያ አርባ ግን...»

«ካርዴን በላኸው! ሁለ...»

ተቋረጠ። ኢንጂነሩ ስልኩን በጥንቃቄ ቆርቆሮው ውስጥ መለሱት። ከታች፣ ከባሕሩ ዳር፣ ሞተሮች ሲነሱ ተሰማ። አንዴ ጠርቶ ነበራ የቆመው።

ግሎሪፌ ባልዲዋን ይዛ ገባች። «ማነው የደወለው?»

«አንድ ጨዋታ የሚወድ ሽማግሌ» አሉ ፈገግ ብለው። «ታምኚያለሽ? ስለ ሁለተኛው ትውልድ ያውቃል። ሁለት ሁለት ሲለኝ ነበር።»

ባልዲው እግሯ ላይ ተገለበጠ። ቁልቁል ሮጠች። ሻሿን ፈትታ አውለበለበች፣ «ሁለት! ሁለት!» ብላ ድምፅዋ እስኪነጥፍ ጮኸች። የኋላዎቹ ጀልባዎች አይተዋት ተመለሱ። የሲልቬሪዮ ጀልባ ግን ሁሌም ፊተኛ ናት፤ ከኮረብታው ጥግ ታጥፋ ከዓይን ልትሰወር ነው፣ የሞተሯም ጩኸት ሰው አያሰማም። ኢንጂነሩ እያለከለኩ ደረሱ። ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን አዲሱን ስልክ መንጭቃ አወጣችው፤ የባሕር ጠባቂዎቹን ልትጠራ። የአምስተኛው ትውልድ ስልክ ነው፤ ሁለተኛውን እንዳይዝ ተደርጎ የተሠራ። ካናዋይ ላይ የሚያውቀው አንድም ነገር የለም። ኔትወርክ የለም ይላል። የመንደሩ ስልክ ደግሞ ካርድ ተሞልቶለት አያውቅም፤ የሚጠራ እንጂ የሚደውል አልነበረም።

«አንተ!» አለችው። በሥራ ዘመኗ ሁሉ አንቱ እያለች የኖረች ልጅ ናት። «ምን አደረግህ አንተ?»

ዶን ሃያ አርባ የሚያብረቀርቅ ጫማቸው ውሃ ውስጥ ሆኖ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ሃያ አርባ አልወጣም። የሚቀጥለው ትውልድም አልወጣም።

ጀልባዋን በኋላ ተገልብጣ አገኟት። ሲልቬሪዮን ባሕሩ አልመለሰውም።

እዚህ ላይ ሰውየው ተለወጡ፣ ጻድቅ ሆኑ ብላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ። ማኒላ ሲመለሱ ጸጉራቸው ትንሽ ሸብቶ ይሆናል እንጂ ፍኖተ ካርታው ግድግዳው ላይ ነበር፤ እሳቸውም ፊቱ ቆመው ነበር። ብቻ በሚቀጥለው የአለቆች ስብሰባ ላይ እጃቸውን አወጡ። ግሎሪፌ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆማ ሰምታለች።

«ካናዋይ ላይ ሰው አለ» አሉ።

ዳይሬክተሩ ሳቁ። ሳቃቸውም ክፉ አልነበረም፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚደረገው በደግ ሳቅ ነው። «የተነሳ ጥሪ አለው?»

«ሚስኮል ነው የሚያደርጉት። አንድ ማለት ውጡ፣ ሁለት ማለት...» ዳይሬክተሩ አላስጨረሷቸውም።

«ኢንጂነር፣ ያልተነሳ ጥሪ ጥሪ አይደለም። የራስዎ ቃል ነው! እኛኮ ከርስዎ ነው የተማርነው።» አዳራሹ ሳቀ። አጀንዳው አለፈ። ማማው በሚቀጥለው ቆጠራ ዜሮ ከሆነ ይጠፋል።

አንድን ሕዝብ ለማጥፋት ክፉ ሰው አያስፈልግም። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ማንም ሊደግመው የሚችል፣ አጭር።

ከዚያ በኋላ ክቡርነታቸው በሥራ ሰዓት መጥፋት ጀመሩ። ሊፍቱ ዛሬም ስለማይሠራ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው በስልክ ያወራሉ። የማያቋርጥ ወሬ ነው። «ውሽማ ያዙ!» አለ መሥሪያ ቤቱ። «ምስኪን ሴትዮ፣ ስለ ምን ያወሯት ይሆን?» ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ «በሃያ አርባ!» ብሎ ይስቃል። ግሎሪፌ አልሳቀችም። አላናገረቻቸውም። የሥራ መልቀቂያ ጽፋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣለች፤ ጠዋት ጠዋት ታየዋለች፣ ፊታቸው ላይ የምትወረውርበትን ቀን ትመርጣለች። ቆጠራው መጣ። ካናዋይ ዜሮ አልሆነችም። «የሚገርም ነው» አሉ ዳይሬክተሩ፣ «ደሴቲቱ መናገር ጀመረች።» ማማው እስከሚቀጥለው ቆጠራ ተራዘመ። እስከሚቀጥለው ብቻ፤ ምሕረት እንዳይመስላችሁ።

ለሙታን ቀን ግሎሪፌ ካናዋይ ሄደች። ሰው ሁሉ በዘመዶቹ መቃብር ላይ ሻማ ሲያበራ፣ መቃብር የሌላቸው አሸዋው ላይ ያበራሉ። ፔላጊያን ስትፈልጋት ካፒታና ብሪሂዳ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ዓሣ ስትሰነጥቅ አገኘቻት። ቆርቆሮው ጠረጴዛው ላይ ወርዷል። ከውስጡ ድምፅ ይወጣል።

«...ስድስተኛው ትውልድ ግን፣ እሜቴ፣ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ምክንያቱም የሞገዱ ርዝመት...»

ድመቷ ቆርቆሮው ፊት ተቀምጣ በጥሞና ታዳምጣለች።

«ቲያ!» አለች ግሎሪፌ። አክስቴ ማለቷ ነው። «ይሄ እሱ አይደለም እንዴ?»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል» አለች ፔላጊያ። «ጠዋት ማኖይ ፋውስቶ ከደወለ በኋላ ይደውላል። ቀድሞ አይደውልም፣ መስመሩን እንዳይዝ። አነሳለታለሁ። ከዚያ ያወራል፣ ያወራል። ዝም ካልኩት ማታ ድረስ ነው።»

«ትሰሚዋለሽ?»

«ምኑን? ድሮ ሬዲዮ ነበረን፣ ተሰበረ።» ዓሣውን ገለበጠችው። «መጀመሪያ የደወለ ቀን ምንም አላለም። አለቀሰ። እኔም አላልኩትም። በሁለተኛው ቀን፣ ጥሪው ተነስቶ ካልተወራበት ማማውን ያጠፉታል አለኝ። እሺ አውራ አልኩት። የሚያውቀው ወሬ ይሄን ብቻ ነው መሰለኝ፣ ምስኪን።»

«አትጠዪውም?»

ፔላጊያ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ጠላሁት። እስኪያመኝ ድረስ ጠላሁት። አሁንም አንዳንድ ቀን ሁለት ነኝ፣ ስልኩን ባሕር ብወረውረው ደስ ይለኛል። ግን ፋውስቶ ይደውላላ! ወንዶቹ ይጠብቃሉ። ታዲያ አነሳለታለሁ።»

ግሎሪፌ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ቆርቆሮው ስለ ሃያ አርባ እየተናገረ ነው። ድምፁ ተዳክሟል፣ አንዳንዴ ይስላል፣ ግን አይቆምም፤ አንድ ሰው ብቻውን ማማ ተሸክሞ የቆመ ይመስላል። ያ ሁሉ ዓመት ምሳዋን ያቀዘቀዘባት፣ ለቅሶ ቤት ያሳቃት፣ አጎቷን የነጠቃት ያ አሰልቺ ወሬ ነው። የመሳቢያዋ ወረቀት ትዝ አላት። ልትወረውረው የምትመርጠው ቀን እየራቀባት መሆኑን አሁን ገና አወቀች፤ በዚህም ተናደደች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ አሸዋው ላይ ለሲልቬሪዮ ሻማ አበሩ። ንፋሱ ደጋግሞ ያጠፋዋል፣ ደጋግመው ያበሩታል። ሲመለሱ ፔላጊያ ወደ ካፒታና ቤት አመራች፤ ቆርቆሮውን መስኮቱ ላይ መልሳ ሰቀለችና እሥሩ ቆመች።

«ምን እንጠብቃለን?» አለች ግሎሪፌ።

«ዝም በይ እስቲ። ማኒላ ቤቱ የሚደርሰው በዚህ ሰዓት ነው።»

ቆርቆሮው ጮኸ። አንዴ ጠርቶ ቆመ።

ማንም አላነሳውም።

«ገባ» አለች ፔላጊያ፤ እሳቷን ልታጠፋ ወደ ቤቷ ሄደች።